አሌክሳንደር ፑሽኪን (የባሌት መምህር)

ይህ መጣጥፍ ስለ ባሌት መምህሩ ስለ አሌክሳንደር ኢቫኖቪች ፑሽኪን ነው። ቅድመ አያቱ አብራም ሐኒባል ከአፍሪካ የሄደው፣ አዲስ አበባ ውስጥም አደባባይ የተሰየመለት ገጣሚ አሌክሳንደር ሰርጌዬቪች ፑሽኪን ሌላ ሰው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አሌክሳንደር ኢቫኖቪች ፑሽኪን (ሴፕቴምበር 7 ቀን 1907 – ማርች 20 ቀን 1970) የሶቪዬት ሕብረት የባሌት ዳንሰኛና የባሌት መምህር ነበረ። በሌኒንግራድ ከተማ በሚገኘው የኪሮቭ ቴአትር ለ28 ዓመታት ደንሷል። በዚያው ከተማ ባለው የባሌት ትምህርት ቤት ደግሞ ከ1932 ጀምሮ እስከ ሞቱ ድረስ አስተምሯል። በመድረክ ላይ ሳለ ስሙ ከታላላቆቹ ተርታ የሚጠራ አልነበረም። ዛሬ የሚታወቀው በተማሪዎቹ፣ በተለይም በሩዶልፍ ኑሬዬቭና በሚኻይል ባሪሽኒኮቭ ነው። እነዚህ ሁለቱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከታዩት ወንድ የባሌት ዳንሰኞች መካከል እጅግ ዝነኞቹ ሲሆኑ፣ ሁለቱም አገራቸውን ትተው በምዕራቡ ዓለም ቀርተዋል። ኑሬዬቭ ሲቀር መምህሩ በሕይወት ነበረ፤ መዘዙም ደርሶበታል።

ስለ ስሞቹ

የፑሽኪንን ታሪክ የሚያነብ ሰው በስሞቹ መለዋወጥ ግራ ሊጋባ ይችላል። ሲወለድ ሴንት ፒተርስቡርግ ይባል የነበረው ከተማ በ1914 ፔትሮግራድ፣ በ1924 ሌኒንግራድ ተባለ። በ1991 ወደ ጥንት ስሙ ተመልሷል። በዛሮቹ ዘመን ማሪንስኪ ይባል የነበረው ቴአትርም በ1934 በተገደለው የኮሚኒስት ፓርቲ መሪ በሰርጌይ ኪሮቭ ስም ተሰይሞ ለብዙ አሥርት ዓመታት ኪሮቭ ሲባል ቆይቷል፤ በ1992 እንደገና ማሪንስኪ ሆነ። ትምህርት ቤቱ የተመሠረተው በ1738 ሲሆን፣ ከ1957 ወዲህ የሚጠራው በታላቋ መምህርት በአግሪፒና ቫጋኖቫ ስም ነው። ስሙ በየዘመኑ ይቀያየር እንጂ ቦታው ያው ነው። ትምህርት ቤቱ የሚገኘው ሮሲ በሚባለው አርክቴክት በተሰየመው መንገድ ላይ ነው። ይህ መንገድ ርዝመቱ 220 ሜትር፣ ስፋቱ 22 ሜትር፣ በግራና በቀኝ ያሉት ሕንፃዎች ቁመትም 22 ሜትር በመሆኑ የታወቀ ነው። ፑሽኪን ዕድሜውን የገፋው በዚህ መንገድና ከዚያ ብዙም በማይርቀው ቴአትር መካከል ሲመላለስ ነው ማለት ይቻላል።

ትምህርቱ

ፑሽኪን በልጅነቱ ዳንስ የጀመረው በኒኮላይ ሌጋት የግል ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ወደ መንግሥት የባሌት ትምህርት ቤት ገብቶ በቭላዲሚር ፖኖማርዮቭ ክፍል ተምሮ በ1925 ተመረቀ። የአብዮቱና የእርስ በርስ ጦርነቱ ዓመታት ለባሌት ክፉ ጊዜ ነበሩ። ባሌት የዛሩ ቤተ መንግሥት ጌጥ ነው፣ ለሠራተኛው ሕዝብ ምን ያደርግለታል የሚል ክርክር ነበረ። ብዙ ዳንሰኞችና መምህራንም ወደ ውጭ ተሰደዱ። ሌጋት ራሱ በ1922 አገሩን ለቆ ወጣ፤ በኋላም ለንደን ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈተ።

የሌጋት ስም እዚህ ላይ መነሳቱ ለታሪክ ሙላት ብቻ አይደለም። ባሌት በዋናነት የሚተላለፈው በመጽሐፍ ሳይሆን ከሰው ወደ ሰው ነው። መምህሩ ያሳያል፣ ደቀ መዝሙሩ ይከተላል፣ ያ ደቀ መዝሙር ደግሞ በተራው መምህር ይሆናል። ስለዚህ አንድን መምህር ለማወቅ ማን እንዳስተማረው መጠየቅ ልማድ ነው። ሌጋትን ያስተማረው ክርስቲያን ዮሐንሰን የተባለ ስዊድናዊ ነው። ዮሐንሰን በኮፐንሃገን የኦገስት ቡርኖንቪል ተማሪ ነበረ። ቡርኖንቪል ደግሞ ፓሪስ ሄዶ የተማረው ከኦገስት ቬስትሪስ ነው። ቬስትሪስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአውሮፓ ሁሉ ስሙ የገነነ፣ በዝላዩና በዙሩ ተመልካችን ያስደመመ ፈረንሳዊ ነበረ። ስለዚህ በ1920 አካባቢ በፔትሮግራድ በረሃብና በብርድ መካከል ዳንስ ይማር የነበረው ልጅ፣ ከፈረንሳይ አብዮት በፊት ከነበረው የፓሪስ መድረክ ጋር የሚያገናኘው የአራት ሰዎች ሰንሰለት ነበረው። ይህን ሰንሰለት ወደ ኋላ ላይ እንመለስበታለን፤ ቬስትሪስ የሚለው ስም ፑሽኪን ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው እንደገና ይመጣልና።

ዳንሰኛነቱ

በተመረቀበት ዓመት በ1925 ወደ ቴአትሩ ገብቶ እስከ 1953 ድረስ ደነሰ። ሶሎ የሚደንስ፣ ቴክኒኩ የጠራ፣ የሚታመን ዳንሰኛ ነበረ። ሆኖም ለእርሱ ተብሎ ባሌት የሚሠራለት፣ ሕዝቡ ስሙን አይቶ ትኬት የሚገዛለት ኮከብ አልሆነም። ባለቤቱ ክሴንያ ዩርገንሰንም የዚያው ቴአትር ዳንሰኛ ነበረች።

በዚህ ክፍል ላይ ብዙ የሚነገር የለም፤ የሚገርመውም ይኸው ነው። በባሌት ዓለም ብዙውን ጊዜ ወደ ማስተማር የሚሄዱት በመድረክ ዘመናቸው የተጨበጨበላቸው ናቸው፤ ተማሪውም የሚሰማቸው ስለ ዝናቸው ነው። ፑሽኪን ይዞት የገባው እንዲህ ያለ ዝና አልነበረም። ተማሪዎቹ እንዲሰሙት ያደረገው በክፍሉ ውስጥ ያገኙት ነገር ብቻ ነው።

ከዳንሰኛ ወደ መምህር

የባሌት ዳንሰኛ የሥራ ዕድሜ አጭር ነው። ወንድ ዳንሰኛ አርባ ዓመት ሲሞላው ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ የዝላዩን ክብደት መሸከም ይከብዳቸዋል። በሶቪዬት ሕብረት ይህ ታውቆ የባሌት ዳንሰኞች 20 ዓመት ካገለገሉ በኋላ ጡረታ እንዲያገኙ ይደረግ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ጥያቄ የቀረውን ግማሽ ዕድሜ በምን ልግፋው የሚል ነው። ጥቂቶች ኮሪዮግራፈር ይሆናሉ፤ ጥቂቶች የሽማግሌና የንጉሥ ገጸ ባሕርይ እየተሰጣቸው መድረክ ላይ ይቆያሉ፤ ብዙዎች ያስተምራሉ።

ፑሽኪን ግን መድረኩ እስኪሰናበተው አልጠበቀም። ማስተማር የጀመረው በ1932፣ በ25 ዓመቱ አካባቢ፣ ገና በሙሉ ጉልበቱ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ 21 ዓመት ሙሉ ሁለቱንም ሥራ ጎን ለጎን ይዞ ቆየ፤ ቀን ቀን ያስተምራል፣ ይለማመዳል፣ ማታ ይደንሳል። በ1953 መደነስ ሲያቆም በኪሮቭ ቴአትር ለወንድ ዳንሰኞች የሚሰጠውን ዕለታዊ ክፍል ደርቦ ያዘ። ስለዚህ አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ሳለ ፑሽኪን ሊያስተምረው፣ ተመርቆ ቴአትር ሲገባም እዚያ ሊያገኘው ይችል ነበር። ኑሬዬቭም ባሪሽኒኮቭም የሄዱት በዚህ መንገድ ነው።

የማስተማር ዘዴው

የባሌት ክፍል ሥርዓቱ በዓለም ሁሉ ተመሳሳይ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ባር የሚባለውን፣ ከግድግዳ ጋር የተያያዘውን ረጅም እንጨት ይዘው ጉልበት ማጠፍን፣ እግር መዘርጋትን፣ እግር ማንሳትን ይሠራሉ። ከዚያ እንጨቱን ለቀው ወደ አዳራሹ መሃል ይወጣሉ። በዝግታ የሚሠራው አዳጆ ይቀድማል፣ ከዚያ ዙር ይመጣል፣ ከዚያ ትንንሽ ዝላይ፣ በመጨረሻም አዳራሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጥ ትልልቅ ዝላይ። አንድ የፒያኖ ተጫዋች ጥግ ላይ ተቀምጦ ያጅባል። በወንዶች ክፍል ደግሞ ለዝላይና ለዙር የሚሰጠው ጊዜ ይበዛል፤ አየር ላይ ሁለቴ ዞሮ ሳይንገዳገድ ማረፍ ከወንድ የሚጠበቅ ነውና።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የመምህሩ ፈጠራ ያለው እርምጃዎቹን በማቀናጀት ላይ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ስምና ቅርጽ ያለው ነው፤ የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ ይምጣ፣ በምን ዓይነት ዜማ፣ በስንት ምት የሚለውን ግን መምህሩ ይወስናል። የፑሽኪን ብልሃት እዚህ ላይ ነበር። ተማሪዎቹ በየጊዜው እንደተናገሩት እርሱ የሚሰጣቸው ቅንብር አንዱ እርምጃ ሌላውን የሚወልድ ነበር። የአንዱ ዝላይ ማረፊያ ለሚቀጥለው መነሻ ይሆናል፤ ጉልበቱ ታጥፎ ሲያርፍ ያው መታጠፍ እንደገና ለመነሳት ኃይል ይሰጣል፤ ክንዱ የሚዘረጋው ሰውነቱ ሊዞር በፈለገበት ሰዓት ነው። ተማሪው ቅንብሩን እንደታዘዘው በትክክል ከሠራው፣ ሰውነቱ ማንም ሳይነግረው ክብደቱን የት እንደሚያሳርፍ ይማራል። ካልሠራው ደግሞ ስህተቱ ወዲያው ይታወቀዋል፤ ቀጣዩ እርምጃ እምቢ ይለዋልና።

ከዚህ የተነሣ ብዙ መናገር አያስፈልገውም ነበር። ፑሽኪን በጭር ያለ ድምፅ የሚያስተምር፣ የማይጮህ፣ ተማሪን በሌላ ተማሪ ፊት የማያዋርድ ሰው እንደነበረ የተማሩበት ሁሉ ይመሰክራሉ። በዚያ ዘመን በነበሩ የባሌት ትምህርት ቤቶች ይህ የተለመደ ጠባይ አይደለም። እርማቱ ባጭሩ ነበር፤ ከዚያ ተማሪው ራሱ እንዲደርስበት ይተወዋል። ይህ ዘዴ ለሰነፍ ተማሪ አይመችም። የሚገፋው ካልተገኘ የሚቆም ልጅ ከፑሽኪን ዘንድ ብዙ ላያተርፍ ይችላል። በራሱ እሳት ለሚነድ ልጅ ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ አልነበረም። የታወቁት ተማሪዎቹ ሁለቱም የዚህ ዓይነት ልጆች መሆናቸው አጋጣሚ አይመስልም።

ሌላው የሚጠቀስለት ነገር ተማሪዎቹ እርስ በርስ አለመመሳሰላቸው ነው። አንዳንድ መምህር ካለ የተማሪዎቹ ክንድ አያያዝ ብቻ ታይቶ ከማን ዘንድ እንደመጡ ይታወቃል። ኑሬዬቭና ባሪሽኒኮቭ ጎን ለጎን ቢታዩ ግን ከአንድ ክፍል መውጣታቸውን መገመት ያስቸግራል። አንዱ ግለቱና ግርማው የሚቀድም፣ በጥረቱ የሚታይ ነው፤ ሌላው ከባዱን ሁሉ ቀላል የሚያስመስል። ፑሽኪን ለሁሉም አንድ ዓይነት መሠረት ሰጥቶ ከላይ ያለውን ለየራሳቸው ትቶታል።

እንደ ቫጋኖቫ ግን መጽሐፍ አልተወም። ቫጋኖቫ ዘዴዋን በ1934 በመጽሐፍ አሳትማለች፤ በሞስኮ የወንዶች መምህር የነበረው የኒኮላይ ታራሶቭ መጽሐፍም በ1971 ወጥቷል። የፑሽኪን ክፍል ምን ይመስል እንደነበረ የሚታወቀው ከተማሪዎቹ ቃልና ከጥቂት የፊልም ቅጂዎች ነው። ከላይ የተነገረው ቅንብር በወረቀት ላይ ቢሰፍር ተራ የእርምጃ ዝርዝር ይመስል ነበር፤ ስለዚህ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል።

ኑሬዬቭ

ሩዶልፍ ኑሬዬቭ በ1955 ወደ ሌኒንግራድ ሲመጣ 17 ዓመቱ ነበር። የትምህርት ቤቱ ሙሉ ትምህርት ስምንት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን ልጆች የሚገቡት በ10 ዓመታቸው አካባቢ ነው። እርሱ ግን ከኡራል ተራሮች አካባቢ ከኡፋ ከተማ የመጣ የታታር ቤተሰብ ልጅ ነበር። ባሕላዊ ውዝዋዜ የደነሰ፣ ባሌትን ከሁለት አሮጊት መምህራን የቃረመ፣ አባቱ ዳንሰኛ መሆኑን የሚቃወሙ ልጅ። በእንዲህ ያለ ዕድሜ የመጣን ልጅ መቀበል ለትምህርት ቤቱ ቁማር ነበር።

መጀመሪያ የተመደበው የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቫለንቲን ሼልኮቭ በሚያስተምረው ክፍል ነው። ሁለቱ አልተስማሙም። ኑሬዬቭ ሥርዓት አይወድም፤ ማታ ማታ ያለ ፈቃድ ወጥቶ ቴአትር ያያል፤ ሼልኮቭም ትዕግሥት ያለው ሰው አልነበረም። ኑሬዬቭ ጊዜ እንደሌለው፣ በዚያ ክፍል ከቆየ ሳይጨርስ ለውትድርና እንደሚወሰድ ተናግሮ ክፍል እንዲቀየርለት ጠየቀ። ለአዲስ ተማሪ ይህ ድፍረት ነው። በመጨረሻ ወደ ፑሽኪን ክፍል ተላከ፤ አብሮትም የአስቸጋሪነቱ ወሬ ሄደ።

ፑሽኪን መጀመሪያ ላይ ብዙም ትኩረት ሳይሰጠው ከሌሎቹ ጋር እንዲሠራ ተወው። እንደ ዘዴው ነው። ኑሬዬቭ ከእኩዮቹ ስንት ዓመት ወደ ኋላ እንደቀረ በየዕለቱ በመስታወቱ ያያል፤ የሚያየውም ስላበገነው ክፍሉ ካለቀ በኋላ ብቻውን ይለማመዳል። ፑሽኪን ይህን ካየ በኋላ ጠጋ አለው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከሌሎቹ ላይ ደረሰ፤ በ1958 ሞስኮ ውስጥ በተደረገው የባሌት ተማሪዎች ውድድር ከአላ ሲዞቫ ጋር ከ«ኮርሴር» ባሌት የተወሰደውን ጥንድ ዳንስ ደንሶ አዳራሹን አስነሳ። በዚያው ዓመት ተመርቆ በቀጥታ ሶሎ ደናሽ ሆኖ ወደ ኪሮቭ ቴአትር ገባ። ወንዶች ከለመዱት በላይ በጣቱ ላይ ከፍ ብሎ መቆሙን፣ እግሩን እንደ ሴቶቹ ከፍ አድርጎ ማንሳቱን አንዳንዶች ነቅፈውታል። መምህሩ ግን ይህን ከእርሱ ለመንቀል አልሞከረም።

ብዙም ሳይቆይ የእግሩ ጅማት ተቀዶ ሆስፒታል ገባ። ፑሽኪንና ክሴንያ ከሆስፒታሉ ወስደው ቤታቸው አስቀመጡት፤ ካገገመ በኋላም እዚያው ቀረ። ቤቱ በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ ውስጥ ያለ ጠባብ መኖሪያ ነበረ። ባልና ሚስቱ ልጅ አልነበራቸውም። ያበሉታል፣ ያስጠኑታል፣ ሙዚቃ አብረውት ያዳምጣሉ፣ ጸባዩንም ይችሉለታል። ይህ እንግዲህ ከማስተማር ያለፈ ነገር ነው። በኋላ የመጣውን መከራ ለመረዳትም ይህ መታወቅ አለበት፤ በ1961 የጠፋው ተማሪ ብቻ ሳይሆን የቤት ልጅ ነበርና።

በ1961 የኪሮቭ ባሌት ወደ ፓሪስና ወደ ለንደን ሄደ። ኑሬዬቭ በፓሪስ ከፍተኛ አድናቆት አገኘ፤ ከፈረንሳዮች ጋር እያመሸ መዋሉ ግን ተከታታዮቹን አላስደሰተም። ጁን 16 ቀን ቡድኑ ወደ ለንደን ለመብረር በለ ቡርዤ አውሮፕላን ማረፊያ ሳለ፣ እርሱ ብቻ ወደ ሞስኮ እንዲመለስ ተነገረው። ከተመለሰ ዳግመኛ እንደማይወጣ ስለገባው ወደ ፈረንሳይ ፖሊሶች ሄዶ ጥገኝነት ጠየቀ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ፓሪስ ውስጥ ወደ መድረክ ሊወጣ ሲል ከሶቪዬት ኤምባሲ በኩል ሦስት ደብዳቤዎች ደረሱት። ኑሬዬቭ በ1962 ባወጣው ግለ ታሪኩ እንደተረከው አንዱ ከእናቱ፣ አንዱ ከአባቱ፣ ሦስተኛው ከፑሽኪን ነበረ። የመምህሩ ደብዳቤ ፓሪስ የረከሰች ከተማ መሆኗን፣ እዚያ ከቆየ ቴክኒኩም ጠባዩም እንደሚበላሽ፣ መመለስ እንዳለበት የሚያስጠነቅቅ ነበር። ኑሬዬቭን ያቆሰለው ይህ ነው፤ ከሰው ሁሉ በላይ የሚያውቀው ሰው እንዴት እንዲህ ይጽፍልኛል ብሎ። ደብዳቤው በምን ሁኔታ እንደተጻፈ መገመት ግን ከባድ አይደለም። ፑሽኪን በጸጥታ ሰዎች ተጠይቋል፤ በቤቱ ያስቀመጠው ልጅ አገር የከዳ ተብሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ በኤምባሲ በኩል የሚላክ ደብዳቤ የጸሐፊው ብቻ ድምፅ ሊሆን አይችልም። ሩቅ ሆኖ የሚያነበው የ23 ዓመት ወጣት ይህን በቅጡ ማመዛዘን አልቻለ ይሆናል።

በ1962 ኑሬዬቭ በሌለበት ተከሶ የሰባት ዓመት እስራት ተፈረደበት። በአገሩ ስሙ ከፕሮግራሞችና ከጽሑፎች ጠፋ። ፑሽኪን ግን ሥራውን አልተወም፤ በማግስቱም በዓመቱም ያው አዳራሽ ገብቶ ያው ባር ጋ ቆመ። መምህርና ተማሪ ዳግመኛ አልተያዩም።

ባሪሽኒኮቭ

በ1964 ከላትቪያ ዋና ከተማ ከሪጋ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ወደ ሌኒንግራድ መጣ። ሚኻይል ባሪሽኒኮቭ ይባላል። እናቱን በ12 ዓመቱ አጥቷል፤ ከአባቱ ጋርም የሚያቀራርበው ነገር አልነበረም። ፑሽኪን እግሩን መርምሮ፣ ሲዘል አይቶ ተቀበለው።

የባሪሽኒኮቭ ችግር ከኑሬዬቭ ጋር አይመሳሰልም። ጊዜ ነበረው፤ መሠረቱም ጥሩ ነበር። ቁመቱ ግን አጭር ነው። በክላሲካል ባሌት ወንዶች በቁመትና በመልክ ይመደባሉ፤ ረጅሙና ቀጥ ያለው ልዑል ይሆናል፣ አጭሩና ፈጣኑ የቀልደኛውን ወይም የጓደኛውን ቦታ ይይዛል፣ ዕድሜ ልኩንም እዚያው ይቀራል። ባሪሽኒኮቭ ይህ ዕጣ እንዳይደርሰው ይፈራ ነበር። ፑሽኪን ያሠለጠነው ግን ለልዑልነት ነው። በመስመሩ ጥራት፣ በክንዱና በአንገቱ አያያዝ ላይ በርትቶ ሠራ፤ ሰውነቱ በሚገባ ከተመጣጠነና እርምጃው ከጠራ መድረክ ላይ ሲታይ ቁመቱ እንደሚረሳ አምኖ ነበር። በኋላ ባሪሽኒኮቭ በ«ዢዜል» ውስጥ የአልብሬክትን ገጸ ባሕርይ ሲደንስ መምህሩ ትክክል እንደነበረ ታየ፤ ፑሽኪን ግን ያን ለማየት አልደረሰም።

ይህም ልጅ ወደዚያው ጠባብ ቤት መመላለስ ጀመረ፤ ይበላል፣ ያወራል፣ ያድራል። ከሦስት ዓመት በፊት እንዲህ ባለ ደግነት ዋጋ የከፈለ ሰው በሩን ዘግቶ ቢቀመጥ ማን ይፈርድበት ነበር? ፑሽኪንና ክሴንያ አልዘጉም።

ባሪሽኒኮቭ በ1966 በቡልጋሪያ በቫርና ውድድር የወርቅ ሜዳልያ አገኘ፤ በ1967 ተመርቆ ኪሮቭ ገባ። በ1969 ሞስኮ ለተካሄደው ዓለም አቀፍ ውድድር ኮሪዮግራፈሩ ሌዮኒድ ያኮብሰን ለእርሱ ብቻ አንድ አጭር ሥራ አዘጋጀለት። ርዕሱ «ቬስትሪስ» ነው፤ ከላይ የተጠቀሰውን የ18ኛውን ክፍለ ዘመን ዳንሰኛ የሚያሳይ። ባሪሽኒኮቭ በዚህ ሥራ ወርቁን ወሰደ። የሰንሰለቱ የመጨረሻ ሰው የመጀመሪያውን ሰው ሆኖ ደነሰ ማለት ነው፤ በመካከል ካሉት ሰዎችም በሕይወት የነበረው ፑሽኪን ብቻ ነበረ።

ሞቱ

ፑሽኪን ማርች 20 ቀን 1970 በሌኒንግራድ መንገድ ላይ ሳለ ልቡ ደክሞ ወደቀና ሞተ። 62 ዓመቱ ነበር። ባሪሽኒኮቭ ያን ጊዜ 22 ዓመቱ ነው።

በዚያው ዓመት በጋ የኪሮቭ ባሌት ለንደን ሄደ። ኑሬዬቭ ይኖር የነበረው እዚያ ነው። ለአንድ የኪሮቭ ዳንሰኛ እርሱን ማግኘት ሥራውንም ነፃነቱንም ሊያሳጣው የሚችል ነገር ነበር። ባሪሽኒኮቭ ግን ተደብቆ ወደ ቤቱ ሄዶ አብሮት ዋለ። ሁለቱ ከዚያ በፊት ተገናኝተው አያውቁም፤ የሚያገናኛቸው አንድ ክፍል፣ አንድ ቤትና በቅርቡ የሞተ አንድ ሰው ነበረ። ያ ጉብኝት ሳያልቅ ናታሊያ ማካሮቫ የተባለችው የኪሮቭ ታላቅ ዳንሰኛ በሴፕቴምበር እንግሊዝ አገር ጥገኝነት ጠየቀች። ባሪሽኒኮቭ ያኔ ወደ አገሩ ተመለሰ። የቀረው ከአራት ዓመት በኋላ ጁን 29 ቀን 1974፣ በካናዳ ቶሮንቶ ትርኢት ካሳየ በኋላ ነው።

ፑሽኪን በሕይወት ቢኖር ኖሮ ባሪሽኒኮቭ ይሄድ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። መልስ የለውም። የሚታወቀው፣ ሁለተኛው ስደት ሲደርስ የሚመረመር መምህር አለመኖሩ ነው።

ሌሎች ተማሪዎቹና ከዚያ በኋላ

የፑሽኪን ተማሪዎች ሁሉ አልሄዱም። ከኑሬዬቭ ጋር በ1958 የተመረቀው ኦሌግ ቪኖግራዶቭ ኮሪዮግራፈር ሆኖ ከ1977 እስከ 1995 የኪሮቭን ባሌት መርቷል። በ1959 የተመረቀው ኒኪታ ዶልጉሺንም በአገሩ ቆይቶ ከታወቁት ዳንሰኞችና መምህራን አንዱ ሆነ። የፑሽኪን ክፍል በሌኒንግራድ የቀጠለው በእነዚህና ስማቸው እምብዛም ውጭ በማይታወቅ ሌሎች ሰዎች ነው፤ ውጭ ያለው ወሬ ሁልጊዜ በሁለቱ ላይ ስለሚያተኩር ይህ ይዘነጋል።

ኑሬዬቭ ከ1983 እስከ 1989 የፓሪስ ኦፔራ ባሌት ዳይሬክተር ነበረ። ባሪሽኒኮቭም ከ1980 እስከ 1989 ኒው ዮርክ የሚገኘውን የአሜሪካን ባሌት ቴአትር መርቷል። በእነዚህ ዓመታት በሁለቱ ከተሞች ያደጉ ዳንሰኞች ፑሽኪንን አይተውት አያውቁም፤ በየማለዳው ያስተማሯቸውና ያረሟቸው ግን የእርሱ ልጆች ናቸው። ኑሬዬቭ በ1989 ወደ ሌኒንግራድ ተመልሶ በኪሮቭ መድረክ ላይ ደነሰ። 51 ዓመቱ ነበር፤ ሰውነቱም ደክሟል። መምህሩ ከሞተ 19 ዓመት አልፎ ነበር። ኑሬዬቭ በጃንዋሪ 1993 አረፈ።

በ2018 ስለ ኑሬዬቭ ወጣትነትና ስለ ፓሪሱ ቀን የተሠራው «ነጩ ቁራ» የተባለው ፊልም ፑሽኪንን ባሌት ለማይከታተል ተመልካችም አስተዋውቋል። የፊልሙ ዳይሬክተር እንግሊዛዊው ተዋናይ ሬፍ ፋይንስ የፑሽኪንን ገጸ ባሕርይ ራሱ ተጫውቶታል፤ የሚናገረውም በሩስኛ ነው። በኑሬዬቭ ቦታ የተጫወተው ኦሌግ ኢቬንኮ በሙያው የባሌት ዳንሰኛ ነው።